ለኩሊ ሎች ምን እናብላ? በየትኛው መንገድስ?

ኩሊ ሎች የሚባለውን ዓሣ በቤታቸው የመስታወት ገንዳ የሚያሳድጉ ሰዎች ቶሎ የሚጠይቁት "የትኛው ምግብ ይሻላል?" ብለው ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እመልሰዋለሁ። ግን ከሱ የሚቀድም አለ፦ ምግቡ እሱ ጋ ይደርሳል ወይ? ምርጡን ምግብ ገዝታችሁ አብሮት የሚኖረው ኒዮን ቴትራ የሚባለው ትንሽ ዓሣ መንገድ ላይ ከጨረሰው ለኩሊው ምንም አልገዛችሁለትም።

ለማያውቀው ሰው ላስተዋውቀው። ኩሊ ሎች የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዓሣ ነው። ቅጠል በሞላባቸው፣ ቀስ ብለው በሚፈሱ ወንዞች ወለል ላይ ይኖራል። ቡናማና ቢጫ ቀለበት አለው፣ ቀጭን ነው፣ ትንሽ እባብ ይመስላል፤ ሲያድግ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ሱቅ ውስጥ በዚህ ስም የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፓንጂዮ ሴሚሲንክታ የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ነው፤ አመጋገባቸው ያው ስለሆነ አትጨነቁ። ቀን ቀን እንጨት ስር ወይም አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይውላል፤ መብራት ሲጠፋ ይወጣል። ብቻውን ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ላይወጣ ይችላል፤ ቢያንስ አምስት ስድስት ሆነው ሲኖሩ ይደፋፈራሉ። ብዙ "አይበላም" የሚባል ኩሊ የምግብ ችግር ሳይሆን የጓደኛ ችግር ነው ያለበት።

"የወለል ዓሣ የሌላውን ትራፊ ይለቅማል፣ ገንዳም ያጸዳል" የሚባለውን እባካችሁ እርሱት። ይህ አባባል ብዙ ዓሣ በረሃብ ገድሏል። እንደ ጋፒ፣ ሞሊና ቴትራ ያሉ ከወለሉ በላይ የሚዋኙ ዓሦች ባሉበት ገንዳ ትራፊ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ትራፊ አለ ከተባለም ከልክ በላይ እየተመገቡ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ደግሞ ውሃው ይበላሻል። የሌላ ዓሣ ኩስ ደግሞ ለማንም ምግብ አይሆንም። ኩሊው የራሱ ድርሻ ያስፈልገዋል።

እንዴት እንደሚበላ ማየት ምርጫውን ያቀልላችኋል። ዓይኑ ትንሽ ናት፣ ስስ ቆዳም ሸፍኗታል፤ ስለዚህ ምግቡን የሚያገኘው በማሽተትና አፉ ዙሪያ ባሉት ጢሞች ነው። አፍንጫውን አሸዋው ላይ ደፍቶ ይሄዳል። ጢሞቹ ወዲያ ወዲህ እየነካኩ ይፈልጋሉ። አንዳንዴ ምግቡን በጣት ርቀት አልፎት ይሄድና ድንገት ይዞራል፤ ከዚያ አሸዋውን ከነምግቡ አፉ ውስጥ ያስገባና ምግቡን አስቀርቶ አሸዋውን በስንጥቡ በኩል ያስወጣዋል። ከዚህ ሦስት ነገር እንረዳለን። ምግቡ መስጠም አለበት። ትንሽ መሆን አለበት፤ አፉ በጣም ጠባብ ነው። ደግሞም ሽታ ቢኖረውና ቶሎ ሳይሟሟ ቢቆይ ጥሩ ነው፤ ፈልጎ እስኪያገኘው ጊዜ ይወስድበታልና።

የደረቁ ምግቦች

የየቀኑ መሠረት መሆን ያለበት በእኔ እምነት የሚሰጥም ትንሽ እንክብል ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚሆነው። ወዲያው ይወርዳል፣ ወለሉ ላይ ይበተናል፣ ስለዚህ ስድስት ኩሊ ካለ ስድስቱም የየራሳቸውን ያገኛሉ። በርካሽ ይገኛል፣ ፍሪጅ አይፈልግም። እንደ ሂካሪ ያሉ ኩባንያዎች ለወለል ዓሣ ብለው የሚሠሯቸው የሚሰጥሙ ዌፈሮችም (ጠፍጣፋ ክብ ደረቅ ምግቦች) ጥሩ ናቸው፤ ልዩነቱ ዌፈር አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቦታ የተቀመጠ ምግብ ደግሞ ጉልበተኛ ይይዘዋል። ገንዳው ውስጥ ኮሪዶራስ የሚባለው ሌላ የወለል ዓሣ ወይም ትልልቅ ሽሪምፕ ካለ ዌፈሩን ከበው ኩሊውን ያስቀሩታል። ዌፈር የምትሰጡ ከሆነ ሰባብራችሁ ሁለት ሦስት ቦታ ጣሉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፕሌኮ ለሚባለው ዓሣ የሚሸጠው አረንጓዴው የአልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር) ዌፈር እና ለሥጋ በል የወለል ዓሣ የተሠራው ዌፈር መልካቸው ይመሳሰላል፣ መደርደሪያውም ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ኩሊው በዋናነት ትናንሽ ነፍሳትን፣ እጮችንና ትላትሎችን የሚበላ ዓሣ ነው። የአልጌ ዌፈር ቢሰጡት ይበላል፤ ግን በሱ ብቻ አይኖርም። ማሸጊያውን ገልብጣችሁ መጀመሪያ የተጻፈውን አንብቡ። መጀመሪያ ላይ የዓሣ ዱቄት፣ ክሪል (ሽሪምፕ መሰል ትንሽ የባሕር እንስሳ)፣ ሽሪምፕ ወይም የነፍሳት እጭ ካለ ግዙት። ስንዴና ስፓይሩሊና የሚባለው አልጌ ከቀደመ ለሌላ ዓሣ ተዉት። ፕሮቲኑ 40 በመቶ አካባቢና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው።

ፍሌክስ የሚባለው ስስ ቅጠል መሰል ተንሳፋፊ ምግብስ? ለላይኞቹ ዓሦች ነው። በእጃችሁ ያለው ፍሌክስ ብቻ ከሆነ ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ በገንዳው ውሃ በደንብ አርሳችሁ፣ አየሩ እስኪወጣ በጣታችሁ ጨመቅ አድርጋችሁ ብትሰጡት ይሰጥማል። ቶሎ ስለሚበታተን ግን ውሃውን ያደፈርሳል። ለጊዜው ይሁን፤ ለዘለቄታው አይሆንም።

በቅዝቃዜ የደረቁት ትሎች ደግሞ ማሸጊያቸው ያምራል፣ ሲጣሉ ግን እንደ ቡሽ ይንሳፈፋሉ። ማራስ የግድ ነው። እኔ ከእነሱ ይልቅ ፍሪዘር የሚቀመጠውን እመርጣለሁ፤ ሁለቱንም ማግኘት ከቻላችሁ የደረቀውን ዝለሉት። አቧራውም አለርጂ የሚያስነሳባቸው ሰዎች አሉ፤ ከነካችሁት እጃችሁን ታጠቡ፣ ዓይናችሁን አታሹ።

የደረቅ ምግብ ትልቅ ማሸጊያ ከረከሰላችሁም አትግዙ። አንዴ ከተከፈተ ቫይታሚኑ እየቀነሰ፣ ቅባቱም እየተበላሸ ይሄዳል። በጥቂት ወራት የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ግዙ፤ ክዳኑን ግጥም አድርጉ፤ የገንዳው ክዳን ላይ ደግሞ አታስቀምጡት፤ እዚያ ሙቀትና እርጥበት አለ።

ከፍሪዘር የሚወጣው

ኩሊን ከመደበቂያው የሚያወጣው ይኼ ነው። ቀይ ትል የሚባለው የትንኝ መሰል ነፍሳት እጭ፣ ዳፍኒያ (በጣም ትንሽ የውሃ እንስሳ)፣ ብራይን ሽሪምፕ (ትንሽ የጨው ውሃ ሽሪምፕ)፣ ሁሉም በትናንሽ ኪዩብ ይሸጣሉ። ሽታቸው በውሃው ውስጥ ሲሰራጭ፣ ቀኑን ሙሉ ያላያችሁት ዓሣ አንገቱን ከእንጨቱ ስር ብቅ ያደርጋል።

ከሦስቱ የትኛው? ለኩሊ ቀይ ትል አንደኛ ነው፤ ይሰጥማል፣ ለአፉም ቅርጹ ይመቻል። ግን በየቀኑ አይሰጥም፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ዳፍኒያ ቅርፊት ስላለው አንጀት ያንቀሳቅሳል፤ ሆዱ የተነፋ ዓሣ ካላችሁ ይመረጣል፤ ትንሽነቱም ለልጅ ኩሊዎች ጥሩ ነው። ያደገ ብራይን ሽሪምፕ ከሦስቱ ቀለል ያለ ምግብ ነው፤ ለመቀያየር እንጂ ለዋናነት አልመርጠውም።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ኪዩቡን በቢላ ቆርጣችሁ ሩቡን ወይም ሲሶውን ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ጣሉት፤ ከገንዳው ውሃ ጨምሩበት፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ጠብቁት። ሲቀልጥ ቀዩ ውሃ ከትሉ ይለያል። በወንፊት አጥልላችሁ ያን ውሃ ድፉት፤ ገንዳ ውስጥ ቢገባ የሚጨምረው ቆሻሻ ብቻ ነው። ለስድስት ኩሊ ይህ መጠን ይበቃል።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር፦ መብራት ረጅም ሰዓት ሄዶ ኪዩቡ ከቀለጠ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት፤ ጣሉት። ቢያስቆጭም ጣሉት። አንዴ ቀልጦ ባክቴሪያ የበቀለበት ምግብ የዓሣውን አንጀት ሊያሳምም ይችላል። መብራት ደጋግሞ የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ ፍሪዘር ምግብ ላይ ብዙ ገንዘብ አታፍስሱ፤ ትንሽ ትንሽ ግዙ፤ መሠረታችሁን በሚሰጥመው እንክብል ላይ አድርጉ።

ሕይወት ያለው ምግብ

ጊዜ ላለው ሰው ከሁሉም ይበልጣል። አስቸጋሪና አዲስ የገባን ኩሊ ለማስጀመር ተንቀሳቃሽ ነገርን የሚያህል የለም። ገበያ ላይ የሚገኘው ኩሊ አብዛኛው ከወንዝ የተያዘ ስለሆነ እንክብል አይቶ አያውቅም፤ ምግብነቱን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። የሚላወስ ትል ግን ወዲያው ያውቀዋል።

ግሪንዳል ትል ለዚህ ዓሣ የተፈጠረ ይመስለኛል። ነጭ ነው፣ ከአንድ ሳንቲሜትር አይበልጥም፣ ይሰጥማል፣ አሸዋው ላይ ለሰዓታት ይላወሳል። እርጥብ አፈር ወይም የኮኮናት ቃጫ ባለበት የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ በቤት ሙቀት ይራባል፤ ትንሽ አጃ ብትጥሉለት ይበቃዋል። መብራት አይፈልግ፣ ፍሪጅ አይፈልግ። መነሻ ዘሩን የሚሰጣችሁ ሰው ካገኛችሁ እምቢ አትበሉ። ቅባቱ ስለሚበዛ ግን የየቀን ምግብ አታድርጉት።

ብራይን ሽሪምፕ በቤት ማስፈልፈልም ይቻላል፤ በጨው ውሃ ውስጥ እንቁላሉ በ24 ሰዓት ገደማ መፈልፈል ይጀምራል። ጫጩቶቹ ወደ ብርሃን የሚዋኙ ስለሆኑ መብራት በርቶ ከሰጣችኋቸው የላይኞቹ ዓሦች ድግስ ነው የሚሆኑት። ከጨለመ በኋላ ስጡ። ጨው በሌለው የገንዳው ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ብቻ ነው የሚቆዩት፤ ሲደክሙ ወደ ወለሉ ይወርዳሉ፤ እዚያ ኩሊው ይጠብቃቸዋል።

የመሬት ትልስ? ነጻ ነው፣ ገንቢም ነው። ኬሚካል ካልተረጨበት አፈር አውጡት። አንድ ቀን እርጥብ ወረቀት ውስጥ አቆዩትና ሆዱ ውስጥ ያለውን አፈር ይጨርስ። ከዚያ እጠቡት፤ በጣም አድቅቃችሁ ክተፉት። የማይመቸው መክተፉ ነው፤ ሁሉም ሰው አይችለውም። ሕያው ቱቢፌክስ ግን አልመክርም፤ ቆሻሻ ጭቃ ውስጥ የሚኖር ትል ነው፤ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል።

ጀላቲን ምግብም አለ፤ እንደ ሬፓሺ ያለው ዱቄት በፈላ ውሃ ተበጥብጦ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ድንጋይ ላይ ቀብታችሁ ካረጋችሁት ሌሊቱን ሙሉ ሳይበታተን ይቆያል። ውጭ አገር ያላችሁ በቀላሉ ታገኙታላችሁ። የወጥ ቤቱን ነገር በአጭሩ፦ ዱባና ዝኩኒ ኩሊ ብዙም አይነካም፤ የእንቁላል አስኳል ውሃ ያበላሻል፤ ዳቦና እንጀራ ፍጹም አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው፦ እንዴት እናድርሰው?

ቀላሉ መንገድ መብራቱን አጥፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቆ እንክብሉን መጣል ነው። ቴትራና ጋፒ በጨለማ ይዝላሉ፣ ምግቡን አያዩትም። የክፍሉም መብራት ቢደበዝዝ ይመረጣል። ትናንሽና ሰላማዊ ዓሦች ብቻ ባሉበት ገንዳ ይኼ ብቻውን ይበቃል፤ ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ድክመቱ ኩሊው መብላቱን አለማየታችሁ ነው። የስልካችሁን መብራት በቀይ ላስቲክ ሸፍናችሁ ከጎን ብታበሩ ሳይደነግጥ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው ማዘናጋት ነው። በአንደኛው ጫፍ ለላይኞቹ ፍሌክስ ትበትናላችሁ፤ ሁሉም ወደዚያ ሲሮጡ በሌላኛው ጫፍ የሚሰጥመውን ትጥላላችሁ። ረጅም ገንዳ ላይ ይሠራል። ትንሽ ገንዳ ላይ ግን አይታለሉም፤ ሞሊ በተለይ ሁለት ጊዜ አይሸወድም። ብቻውን አትተማመኑበት፤ ከጨለማው ጋር ደርቡት።

ሦስተኛው ቱቦ ነው፤ እኔም የምወደው ይኼን ነው። ከውሃው በላይ ጀምሮ ወለሉ ድረስ የሚደርስ ቀጥ ያለ ቱቦ ማቆምና ምግቡን በሱ ውስጥ ማውረድ። መካከል ላይ ያሉት ዓሦች አይደርሱበትም። የመብራት ገመድ የሚያልፍበት ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገኛል፤ አዲስ ይሁን፣ ያለ ሳሙና በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይግባ። ደረቅ እንክብል ስትጥሉበት የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ እንክብሉን በትንሽ ኩባያ ውሃ አርሳችሁ ከነውሃው አፍስሱት። ለቀለጠ ቀይ ትል ወይም ዳፍኒያ ደግሞ የተሻለ አለ፦ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ትልቅ ሲሪንጅ፣ መርፌው የሌለበት፣ ጫፉ ላይ የአየር ፓምፕ ለስላሳ ጎማ ተሰክቶበት። ጎማውን እንጨቱ ስር፣ ልክ መደበቂያው አፍ ላይ ታደርሱና ቀስ ብላችሁ ትገፋላችሁ። በጣም ዓይነ አፋር የሆነውን ዓሣ ሳይወጣ እቦታው ድረስ ማብላት ይቻላል።

አራተኛው የመመገቢያ ዋሻ ነው። ግማሽ የኮኮናት ቅርፊት ተገልብጦ፣ ጎኑ ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲሜትር በር ተበጅቶለት፣ ምግቡ ውስጡ ይደረጋል። ኩሊ ይገባል፤ እንደ አንጀልፊሽ ያለ ትልቅ ዓሣ አይገባም። ዘይትም ቀለምም ያልነካው አዲስ ትንሽ ሸክላም ይሆናል፤ የበሩን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ትልልቅና ሆዳም ዓሦች ላሉበት ገንዳ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም። ችግሩ ማጽዳት ነው፤ ውስጡ የቀረው ምግብ ስለማይታይ እዚያው ይበሰብሳል። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንሱትና እዩት።

የመስታወት ሳህን ደግሞ ጠጠር ወለል ላላችሁ ነው። አሸዋ ካላችሁ አያስፈልግም። ጠጠር ከሆነ ግን እንክብሉ በጠጠሮቹ መካከል ይገባና ይበሰብሳል፤ መርዛማው አሞኒያም ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ኩሊ የምታሳድጉ ከሆነ ወለሉን አሸዋ ብታደርጉት ሳህንም አትገዙም፣ ዓሣውም እንደ ተፈጥሮው ይቀበራል፣ ጢሞቹም አይጎዱም።

ታዲያ የእናንተ ገንዳ የትኛው ነው?

ኒዮን ቴትራ፣ ራስቦራና የመሳሰሉት ትናንሽ ሰላማዊ ዓሦች ብቻ ካሉ፦ የሚሰጥም እንክብል፣ ከጨለመ በኋላ፣ በቀጥታ። በሳምንት ሁለቴ ቀይ ትል ወይም ዳፍኒያ። አበቃ።

ሞሊ፣ ባርብ ወይም አንጀልፊሽ ካለ፦ መጀመሪያ እነሱን መብራት በርቶ አጥግቡ። ከዚያ አጥፍታችሁ በቱቦ ወይም በዋሻው ስጡ። እዚህ ቤት ዌፈር አትጠቀሙ፤ አንጀልፊሽ ዌፈሩን ቆሞ ይጠብቀዋል።

ኮሪዶራስ ወይም ሌላ የወለል ዓሣ አብሮ ካለ ነገሩ ይከብዳል፤ ጨለማ አይከለክላቸውምና። ምግቡን ብዙ ቦታ መበተን፣ ከዚያ በሲሪንጅ የኩሊውን ድርሻ መደበቂያው አፍ ላይ ማድረስ ነው የሚያዋጣው።

አዲስ የገባ ኩሊ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በቀይ ትል ወይም በሕያው ትል አስጀምሩት። ከዚያ እንክብሉን እያራሳችሁ ከትሉ ጋር ቀላቅሉት፤ በትሉ ጠረን ይለምደዋል።

መብላቱን የምታውቁት በሆዱ ነው። መስታወቱ አጠገብ ሲያልፍ ከጎን እዩት። ሆዱ ቀለል ብሎ ክብ ከሆነ ደህና ነው። ከራሱ ኋላ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጀርባውም ሹል ከሆነ እየራበው ነው። እየበላ ከከሳ ደግሞ የሆድ ትል ሊሆን ይችላል፤ ከወንዝ በተያዘ ዓሣ ላይ ይኼ ያጋጥማል፤ ምግብ መጨመር አይፈታውም፣ መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው።

ምግቡን የምትሰጡት በቀን አንዴ፣ ማታ ይሁን፤ ጠዋት አሸዋው ላይ የተረፈ ካያችሁ በጎማ ሳቡትና በሚቀጥለው ጊዜ መጠኑን ቀንሱ። መብራት በሄደበት ሌሊት ግን ጨርሶ አትስጡ። ፊልተሩ ቆሟል፣ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የሚበሰብሰውን የሚያጸዳ የለም። ማሞቂያውም ስለቆመ አዲስ አበባን በመሰለ ብርዳም ከተማ ውሃው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የለመደ ዓሣ ሲበርደው ምግብ አይፈጭም። ጠዋት ሲሞቅ ይበላል።

መንገድ ስትሄዱም እንደዚሁ ነው። ጤነኛ ያደገ ኩሊ ሳምንት ያህል ሳይበላ ቢቆይ ምንም አይሆንም። ባለቤቱ ለማይኖርበት ጊዜ ተብሎ የሚሸጠውን፣ ቀስ እያለ የሚሟሟውን ነጭ ምግብ ገዝታችሁ አትጣሉበት፤ ውሃውን የማበላሸት ዕድሉ ሰፊ ነው። ከሳምንት በላይ የምትቆዩ ከሆነ የእያንዳንዱን ማታ ድርሻ በትናንሽ ወረቀት ጠቅልላችሁ ቀኑን ጻፉበት፤ የቀረውን ማሸጊያ ደግሞ ደብቁት፤ ዓሣ የማያውቅ ጎረቤት "ራበው መሰለኝ" ብሎ እንዳይጨምርበት።